ጋዝ አያልቅም

በግንቦት፣ ሰባት ሰዓት፣ ድሬ በሯን ዘግታ ስትተኛ፣
የደቻቱ አሸዋ ብቻ ነቅቶ ሲውል እንደ ዘበኛ፣
ኮሮላዬን እየነዳሁ መጣሁ እስከ አዩብ ጋራዥ ድረስ፣
መሪው መዳፌን እየፈጀ፣ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ እስኪርስ።

አዩብ ግራ ጉንጩ ሞልቷል፤ ምርቃናው ገና ይመጣል፤
ከበላዩ ማራገቢያው ሙቀቱን እንደ ገንፎ ያማስላል።
«አቦ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ሆነች?» አለ፣ ከፍራሹ ሳይነሳ።
«ኤሲዋ» አልኩት። «ጋዝ ሙላልኝ። ነገ ሙሽራ ነው የምታነሳ።»

ነገ ልጄን፣ ኢፍቱን፣ በዚህችው መኪና እሸኛለሁ፤
ከሳቢያን እስከ መጋላ ፊቷ እንዳይፈስ እፈራለሁ፤
ያ ሁሉ ብር የወጣበት ኩል፣ ቀለም፣ ዱቄት፣
ድልድዩን ሳንሻገር እንዳይሆን የጎርፍ ምልክት።

አምናም ካቻምናም በግንቦት ይህንኑ ጋዝ ነው ያስሞላሁት፤
ሁለት ሳምንት ጋቢ አማረኝ፤ በሦስተኛው ወበቁን አገኘሁት።

አዩብ ኮፈኑን ከፈተ።
«ስማኝ» አለ፣ «ጋዝ አያልቅም።
ቤንዚን ነው የሚነደው፤ ይሄ ዝግ ቤት ውስጥ ይዞራል እንጂ አይቃጠልም።
ከጠፋ፣ ወጥቶ ነው። ከወጣ ደግሞ የወጣበት በር አለ።
በሩን ሳትዘጋ መሙላት . . .» አንድ ቅጠል ቀነጠሰና ዝም አለ።

ጉሌድ፣ ገና ጢም ያላበቀለው፣ ኦሞ በጣሳ በጠበጠ፤
ቧንቧውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በብሩሽ እየቀባ አፈጠጠ።
ኮምፕሬሰሩ አንገት ላይ ምንም።
መጋጠሚያው ላይ ምንም።
ኮንደንሰሩ ሥር ግን አንዲት አረፋ አበጠች፤
ፈነዳች።
ደግማ አበጠች፣
እንደ ተኛ ሕፃን አፍ።

«ይቺው ናት!» ብሎ ፈታታው፤ አወጣ አንዲት የጎማ ቀለበት፣
ደርቃ የተሰነጠቀች፣ የሦስት ዓመት ብሬ የተነነባት።
የአዲሷ ዋጋ ሃያ ብር።
ሳቅሁ፤ ወይም ሳቅ የመሰለ ነገር።

ከዚያ ሰማያዊና ቀይ ቱቦ ገጠመ፤ ፓምፑ እያጓራ
አየሩን፣ እርጥበቱን፣ የቀረውን ሁሉ መጠጠ፤
የጌጁ መርፌ ከዜሮ በታች ወርዶ ተቀመጠ።
ፓምፑን አጠፋ።
«አሁን ትሞላለህ?»
«አሁን እንጠብቃለን።
መርፌው ከተነሳ ያፈሳል። ካልተነሳ እንሞላለን።
ባዶውን ያልቻለ ቧንቧ፣ ሙላቱንም አይችልም።»
ልስቅ ነበር። ፊቱን አየሁት። አይቀልድም።

ግማሽ ሰዓት፣ በርጩማ ላይ፣ መርፌ እያየሁ።
አንድ ወር ሙሉ ለድንኳን፣ ለሰንጋ፣ ለቪዲዮ ሮጫለሁ፤
ስለ ሰኞ ማታ ግን አንዴም አላሰብኩም።
እሷ ጅግጅጋ ትገባለች። እራት ላይ ከፊቴ የሚቀመጠው ማነው?
እናቷ ካረፈች እንኳ ዘንድሮ ስድስተኛ ዓመቷ ነው።

ፀሐይዋ በጋራዡ ደጃፍ አንድ ክንድ ገባች፤
መርፌው አልተነሳም።
ዝንብ መስታወቱ ላይ አረፈች፤ ሄደች፤
መርፌው አልተነሳም።

አዩብ ጋዙን በሚዛን ለካ፤ እንደ ወርቅ ሠሪ ጎንበስ ብሎ።
«ትንሽ ጨምርበት» አልኩት።
«ሲበዛም አይቀዘቅዝም» አለ፣ በአንድ ዓይኑ ቁጥሩን ተከትሎ።
ሞተሩ ተነሳ። ኮምፕሬሰሩ ጠቅ አለ።
ብዙም ሳይቆይ ላብ ያላበው ቧንቧው ነበር፣ እኔ አይደለሁም።

«ሒሳብ?»
«የጋዙንና የቀለበቷን። የእጄን ከሰርጉ በኋላ፤
ለጉሌድ ግን ነገ ላክለት፣ አንድ ሳሕን ሐላዋ።»

አሮጌዋን ቀለበት ኪሴ ከትቼ ወጣሁ።
ብርዱ ፊቴን ሲነካኝ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤
ጉሌድ አይቶኝ፣ «አቧራ ነው» አለ፣ ጎማውን እየመረመረ።

ድልድዩ ላይ ስደርስ ኤሲውን አጠፋሁት፣ ለነገ ይትረፍ ብዬ።
ከዚያ አዩብ ትዝ አለኝ። ብቻዬን ሳቅሁ።
መልሼ ግን አልከፈትኩትም፤ ዝምታውን ልልመደው ብዬ
እስከ ሳቢያን በሙቀት ነዳሁ።